ፑሊ ቀረርቶ አይሰማም

ቶርኖ ቤት ደጃፍ ቆሞ የማያውቅ ሰው ክርክር አይቻለሁ አይበል። አንዱ ልምዱን፣ አንዱ ዲፕሎማውን፣ አንዱ ውጭ አገር ያለ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። ቁጥር ይዞ የሚመጣ ግን በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። ማሽን ደግሞ ከቁጥር ሌላ የሚሰማው ነገር የለም። ሕጉም አንድ ነው፦ የሞተሩ ፑሊ ዲያሜትር በሞተሩ ዙር ሲባዛ የሚወጣው፣ የተቀባዩ ፑሊ ዲያሜትር በራሱ ዙር ሲባዛ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ሌላው ሁሉ ቀረርቶ ነው።

ከዚህ በታች ደጃፋችን ላይ የሚወረወሩ አባባሎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። የከፋው ሜትሩን ይዞ ይምጣ። ስድብ ይዞ የሚመጣ ግን ሰልፍ ይያዝ፤ ከፊቱ ብዙ ሰው አለ።

«ወፍጮው ዘገየብኝ፤ ትልቅ ፑሊ ግጠምለት»

ጋሼ፣ ትልቁን የት ላይ ልግጠመው? ወፍጮው ላይ ካሉኝ ያለችዎትንም ፍጥነት ሊሸኟት ነው። ሞተርዎ ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ 1440 ዙር በደቂቃ ትላለች። የሞተሩ ፑሊ 100 ሚሊ፣ የወፍጮው 250 ሚሊ ነው። 1440ን በ100 አባዝተው ለ250 ሲያካፍሉት 576 ዙር ይወጣል። አሁን በ250ው ፈንታ 300 እንግጠም፤ ወፍጮው 480 ላይ ቁጭ ይላል። «ፍጠን» ብለው የላኩበት መልእክት «አረፍ በል» ሆኖ ደረሰው ማለት ነው።

ማፍጠን ከሆነ ፍላጎትዎ፣ ወይ የሞተሩን ፑሊ ያሳድጉ፣ ወይ የወፍጮውን ያሳንሱ። የሞተሩን 120 ቢያደርጉት ወፍጮው 691 ይደርሳል። ከዚያ በፊት ግን የወፍጮው ሠሪ ስንት ዙር ፈቅዷል? ሞተሩስ የሚጨመርበትን ሸክም ይችላል? ወፍጮ ሲፈጥን ብዙ እህል ይጎርሳል፤ ሞተሩም ብዙ መብራት ይስባል፤ ዱቄቱም እየጋለ ይመጣል።

«ትልቅ ነገር ፈጣን ነው ሲባል አልሰማህም?»

እርስዎም ትልቅ ሰው ነዎት ጋሼ፤ መቼ ነው መጨረሻ የሮጡት?

ሳቁ። ባለወፍጮ ሲስቅ ከጺሙ ዱቄት ይበናል። ከዚያ ኮፍያቸውን አራግፈው፣ «አንተስ ትንሽ ነህ፤ ታዲያ ሥራዬን መቼ ፈጥነህ አስረከብከኝ?» አሉኝ። ተረብ ከሽማግሌ ጋር የሚገጥም ሰው ልብ ይግዛ።

«ፑሊ ጉልበት ይጨምራል»

ይህ እውነት ቢሆን ግድብ ምን ያደርግልናል? ፑሊ በፑሊ ደርድረን አገሩን እናበራው ነበር። 3 ኪሎዋት ሞተር በ1440 ዙር ሲሠራ የመጠምዘዝ ኃይሉ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በ100 እና በ250 ፑሊ ወደ 576 ስታወርደው ጥምዘዛው ወደ 50 ይወጣል። ዙሩ ሁለት ተኩል ጊዜ አነሰ፤ ጥምዘዛው ሁለት ተኩል ጊዜ አደገ። 3 ኪሎዋቱ ግን ያው 3 ኪሎዋት ነው፤ እንዲያውም ቺንጋው ሲንሸራተትና ሲሞቅ የሚጎርሳት አለች። ፑሊ መንዛሪ ነው፤ ትልቁን ብር ወስዶ ዝርዝር ይሰጥሃል፤ ኮሚሽኑንም አይረሳም።

«7.5 ሞተር ነው የገዛሁት»

ምን 7.5? ፈረስ ነው ኪሎዋት? አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ 7.5 ፈረስ ማለት 5.5 ኪሎዋት ግድም ሲሆን፣ 7.5 ኪሎዋት ግን 10 ፈረስ ነው። ሻጩ «7.5» ብሎ ዝም አለ፤ አንተ «7.5» ብለህ ከፈልክ። በሁለታችሁ ዝምታ መሃል ሁለት ፈረስ ተኩል ጠፋ። ድሮ አንድ ፈረስ የጠፋበት ሰው አገር ምድሩን ያስስ ነበር፤ አንተ ደረሰኝ ይዘህ ትስቃለህ።

ፈረሱን መለኪያ ያደረገው ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን በፈረስ ለሚያሠሩ ሰዎች ለመሸጥ ብሎ ነው። ከጅምሩም የሻጭ ቋንቋ ነበረች። ገዢ የሆነ ሰው ቆርቆሮዋ ላይ ኪሎዋት የሚለውን ያንብብ።

«ወንድሜ ከአሜሪካ ቋሚ ትራፓኖ ላከልኝ። ትራንስፎርመር ገዝቼ አገናኘሁት፤ ግን ሰነፈ»

አልሰነፈም፤ አገር ለመደ። ትራንስፎርመርህ 220 ቮልቱን 110 አድርጎልሃል፤ እሱ ሥራውን ጨርሷል። ሄርዙን ግን አልነካውም፤ መንካትም አይችልም። አሜሪካ 60 ሄርዝ ነው፤ እኛ 50 ነን። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ዙሩን የሚቀበለው ከሄርዙ ነው። ቆርቆሮው ላይ 1725 ተብሎ ከተጻፈ፣ እዚህ ስድስት አምስተኛ አይሆንም፤ አምስት ስድስተኛ ይሆናል፤ 1437 አካባቢ ማለት ነው። ከስድስት ዙር አንዱን ቦሌ ላይ ጥሎ ገባ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የሞተሩን ፑሊ በ20 ከመቶ ማሳደግ ነው፤ 100 ሚሊ ከነበረ 120። ያንተ ትራፓኖ ባለ ደረጃ ፑሊ ስለሆነ ደግሞ ቺንጋውን አንድ ደረጃ ከፍ ብታደርገው ሊበቃህ ይችላል። ሞተሩን ግን እየዳሰስክ ሥራ፤ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ላይ ቮልቱ ሳይቀነስለት ሲሠራ ይግላል። እጅህን ማስቀመጥ ካልቻልክ እዚሁ ባለ 50 ሄርዝ ሞተር ግዛለት።

እህትህ ከሪያድ ብትልክልህም ያው 60 ነው። ከዱባይ ከመጣ 50 ነው፤ እንደ ዘመድ ይግባባል። ግራይንደርና የእጅ ትራፓኖ የመሳሰሉ ካርቦን የሚበሉ ሞተሮች ግን ሄርዝ ምናቸውም አይደለም፤ ቮልታቸውን ብቻ ስጣቸው።

«ወንድሜም እንደዚሁ ነው» አለኝ። «እዚያ በሌሊት ተነስቶ ሥራ ይገባል፤ እዚህ ሲመጣ ከምሳ በፊት አልጋውን አይለቅም።»

ፑሊውን ቀይርለት።

«ፎርሙላውን በቃሌ አውቀዋለሁ»

ይህን ያለው ከኮሌጅ በቅርቡ የወጣ ልጅ ነው። ደስ ይላል ወንድሜ፤ ሜትሩን ግን በየትኛው ጠርዝ ነው ያነበብከው? የሞተሩን ፑሊ በሳንቲሙ በኩል ለክቶ 100 ሚሊ ብሎ ጻፈ። የማሽኑን በኢንቹ በኩል ለክቶ 10 ብሎ ጻፈ። 1440 ሲባዛ በ100፣ ሲካፈል ለ10፦ 14,400 ዙር። የመጋዝ ማሽን ነው ሲሉን ሄሊኮፕተር ኖሯል። 10 ኢንች 254 ሚሊ ነው፤ ትክክለኛው መልስ 567 ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ይህ ሂሳብ መለኪያ የማይመርጥ መሆኑ ነው። ሁለቱንም በኢንች ለካ፣ ሁለቱንም በሚሊ ለካ፣ ከፈለግህም ሁለቱንም በስንዝር ለካ፤ መልሱ አይለወጥም። አንዱን በኢንች አንዱን በሚሊ አትለካ እንጂ። በስንዝር የምትለካ ከሆነም የአንድ ሰው ስንዝር ይሁን፤ የሞተሩን አንተ፣ የማሽኑን አለቃህ ከለካችሁት ፍጥነቱን የሚወስነው የእጃችሁ ልዩነት ነው።

«ፎርሙላው ግን ትክክል ነበር» አለኝ አሁንም።

የሞላኸውስ?

«ኢንች ማለት 25 ሚሊ ነው፤ አታካብድ»

ያቺን 0.4 የት ጣልካት? በ1959 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ኢንችን ልክ 25.4 ሚሊ ነው ብለው ተስማሙ። ስድስት አገር የተስማማበትን አንተ ደጃፍ ላይ ቆመህ ሻርከው።

እስቲ ሥራ ላይ እንየው። አክሱ አንድ ኢንች ነው፤ ይዘህ የመጣኸው ኩሽኔታ 6205 ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ኩሽኔታ ቁጥር ከ04 ጀምሮ መጨረሻው በ5 ሲባዛ የቀዳዳውን ስፋት ይሰጥሃል፦ 05 ሲባዛ በ5፣ 25 ሚሊ። አክስህ 25.4 ነው። በመዶሻ ልታስገባው ነው? በኩሽኔታ ውስጥ ያለው ክፍተት የሚቆጠረው በማይክሮን ነው፤ ያንተ «ትንሽ» 400 ማይክሮን ናት። ቀለበቱ ከመሰንጠቁ በፊት መዶሻህ ይደክማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

«0.4 እኮ ምንም ማለት አይደለም!»

የ0.4 ሚሊ የብረት ብናኝ ዓይንህ ውስጥ ትግባና «ምንም አይደለም» ብለህ እስከ ቤትህ ሂድ እስቲ።

በ40 ኢንች ቱቦ ላይ ደግሞ ያቺ «ምንም» 16 ሚሊ ትሆናለች። ያን ጊዜ «ማን ነው አሳጥሮ የቆረጠው?» ብለህ ረዳትህ ላይ ትጮሃለህ።

«ይቺ 127 ጥርስ ያላት ማርሽ ለጌጥ ናት?»

ከላይ ያለችው 0.4 የወለደቻት ናት። 25.4ን በ5 አባዛ፤ 127 ይመጣል። ባለ ኢንች መሪ ስክሩ ያለው ቶርኖ የሚሊ ጥርስ ሳያዛንፍ እንዲያወጣ መሃል ገብታ የምታስታርቀው እሷ ናት። ኢንች 25 ሚሊ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቺ ማርሽ አትፈጠርም ነበር። ላንተ ጌጥ ናት፤ ለኛ ሽማግሌ ናት።

«13 ቁልፍና ግማሽ ኢንች ያው ናቸው»

ግማሽ ኢንች 12.7 ነው። በ13 ቁልፍ የግማሽ ኢንች ራስ ስትፈታ የ0.3 ሚሊ ጨዋታ አለ፤ ሁለት ሦስቴ ስትጎትተው ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቡሎን ክብ ይሆናል። ከዚያ ፒንሳ ታነሣለህ፤ ከዚያ መሮ፤ ከዚያ «ብየዳ አምጡ» ትላለህ። «ያው ናቸው» መባል የሚያምርባቸው 19 እና ሦስት ሩብ ናቸው፤ ሦስት ሩብ ኢንች 19.05 ስለሆነ በደህና ቀን ይዋዋሳሉ።

ጥርስ ላይ ደግሞ ዋዛ የለም። የ12 ሚሊ ቡሎን ጥርስ ከጥርስ 1.75 ሚሊ ነው። የግማሽ ኢንቹ ዊትዎርዝ በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ ስላለው 2.12 ሚሊ ይመጣል። የጥርሱም ማዕዘን ይለያል፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ያወጣው 55 ዲግሪ ነው፤ ሜትሪኩ 60 ነው። «ትንሽ ይጠብቃል እንጂ ይገባል» ያልከው ዳዶ አልገባም፤ እየቆረጠ ነው የሄደው።

«የመሳያ ድንጋዩን ዙር እጥፍ አድርግልኝ፤ ቶሎ እንዲስል»

ይቺን በቀልድ አልመልሳትም ነበር፤ ግን ጠያቂው ራሱ እየሳቀ ስለጠየቀ አብረን እንሳቅ። ድንጋይህ 200 ሚሊ ነው፤ ሞተሩ 2850 ዙር። ዳሩ በሴኮንድ 30 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር። ዙሩን እጥፍ ስናደርገው በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ልክ ግን በሴኮንድ 35 ሜትር ነው፤ ለዚህ ስፋት 3340 ዙር አካባቢ ማለት ነው። ደግሞም ድንጋዩን ለመበተን የሚጎትተው ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ችኩል ሳይ ድንጋይ ይጎርሳል።

«ልኩ የተጻፈው የት ነው? አላየሁም» አለኝ።

መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ላይ ነበር፤ «አታምርም» ብለህ የቀደድካት። እሷ ማስታወቂያ ብቻ አይደለችም፤ ብረቱ ድንጋዩን ጨምቆ እንዳይሰነጥቀው መሃል የምትተኛ ናት። አዲስ ድንጋይ ስትገዛ ወረቀቷን ተዋት። ከመግጠምህ በፊትም ድንጋዩን በቀዳዳው አንጠልጥለህ በካቻቢቴ እጀታ ጎኑን ቀስ ብለህ መታ አድርገው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠህ ደህና ነው፤ ዱዳ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቋልና ለጠላትህም አትሽጠው።

«ዙሩ ካልጨመረ ታዲያ ቢላዋው መቼ ይሳላል?»

ድንጋዩን አስተካክለህ፣ ውሃ አቅርበህ፣ ሳትጫን ሳለው። አሁን የሚዘገይብህ በዙር ማነስ አይደለም፤ ድንጋዩ በብረት ተደፍኖ አብረቅርቋል። በዚያ መስተዋት ፊት ጺምህን መላጨት ትችላለህ፤ ቢላዋ ግን አይስልም።

«ቺንጋውን በገመድ ለክቼዋለሁ»

ከላይ ነው ከውስጥ? «ከላይ» ካልከኝ የለካኸው የሌላ ሰው ቺንጋ ነው። የኤ ቺንጋ ቁጥር የውስጥ ርዝመቱን በኢንች የሚናገር ነው። ከላይ ሲለካ ወደ 50 ሚሊ ይረዝማል፤ ሁለት ኢንች ማለት ነው። ኤ 56 የሚፈልገው ማሽን ኤ 58 ተገዝቶለት ቺንጋው እንደ ሰፊ ሱሪ ይወርድበታል።

አሮጌው ከጠፋ ደግሞ ገመዱን ጣልና አስላ። 100 እና 250 ሚሊ የሆኑት ሁለቱ ፑሊዎች መሃል ለመሃል 450 ሚሊ ይራራቃሉ እንበል። እጥፉ 900። የሁለቱ ዲያሜትር ድምር 350 ነው፤ በ1.57 ሲባዛ 550 ገደማ። ልዩነታቸው 150 ነው፤ በራሱ አባዛውና ለርቀቱ አራት እጥፍ፣ ለ1800 አካፍለው፤ 12.5። ድምሩ 1462 ሚሊ። ይህ ቺንጋው መሃል ላይ ያለው ርዝመት ስለሆነ፣ ለውስጡ 36 ሚሊ ቀንስና ለ25.4 አካፍል፤ ኤ 56 በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።

አጫጭሮቹን ደግሞ ቆሜ ልመልስ

«ፑሊውን ከዳር እስከ ዳር ለካሁት።» ቺንጋው ዳሩ ላይ ተቀምጦ አይዞርም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚውለው። ለኤ ቺንጋ ከዳሩ ዲያሜትር አምስት ስድስት ሚሊ ቀንስ። በ75 እና በ200 ፑሊ 540 ዙር ያልከው በእውነቱ 515 አካባቢ ነው። ትንሹ ፑሊ ሲያንስ ውሸቱ ይበዛል።

«ሞተሩ ላይ 40 ሚሊ ፑሊ ግጠምልኝና ልገላገል።» የኤ ቺንጋ ከ75 ሚሊ ባነሰ ፑሊ ላይ ወገቡ አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። ብዙ መቀነስ ከፈለግህ መሃል ላይ ሌላ አክስ አስገባና በሁለት ደረጃ ቀንስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አንተ በአንድ ጊዜ ልታስሮጠው ነው የመጣኸው።

«ትራፓኖውን ሁሌም በመጨረሻው ፍጥነት ነው የምሠራው።» ለዚያ ነው ፑንታዎችህ ሁሉ ሰማያዊ የሆኑት። በተራ ብረት ላይ ለ10 ሚሊ ፑንታ 800 ዙር፣ ለ20 ሚሊ 400 ዙር በቂ ነው። ፑንታው ሲወፍር ዙሩ ይቀንሳል።

«ሦስት ጣት ያህል ነው።» የማን ጣት? ያንተ ከሆነ መጋዝ ላይ ስለምትሠራ ከዓመት ዓመት መለኪያው ሊለወጥ ይችላል።

«20 ዓመት በዓይኔ ነው የሠራሁት።» ታዲያ ሁለቱ ፑሊዎች መስመር አለመያዛቸውን እንዴት ሳያይልህ ቀረ? ቀጥ ያለ ብረት ጎናቸው ላይ አስደግፍ፤ አራት ቦታ ካልነካ ቺንጋህ ጎኑን እየተበላ ነው። ዓይንህን ለረጅም መንገድ ቆጥበው።

«ቺንጋው ጮኸ፤ ሳሙና ቀባሁት።» ከታጠበ በኋላ ወጥረው።

«ይሄ ሁሉ ሂሳብ ለአንድ ፑሊ?»

አንድ ማባዛትና አንድ ማካፈል ነው፤ አለቀ። አሁን ዋጋ ስነግርህ ግን የብረቱን ኪሎ፣ የቶርኖውን ሰዓት፣ የአምናውን ዋጋና ከጎን ያለው ቤት የጠየቀህን በቃልህ ደምረህ፣ ቀንሰህ፣ በመቶኛ አውጥተህ፣ ካልኩሌተሬን ሳትነካ «ይህን ያህል ጨምረህብኛል» ትለኛለህ። ልክ ነህ፤ ጨምሬአለሁ። ሂሳብ አልችልም የሚለውን ቀልድ ግን ሌላ ቶርኖ ቤት ሄደህ አውራው።